ከጅግራው ክንፍ ስር የወጣው ቅማል

ላውንደሪ ቤት አንሶላ ስትተኩስ የምትውለውን ሴት የሥራ ጓደኞቿ «ሳሙና» ይሏታል። ያልታጠበ እጅ መጨበጥ ሞቷ ነው። ትዳሯ ውስጥ ግን ታጥቦ የማይጠራ አንድ ነገር ነበር፤ የባሏ ታላቅ ወንድም። አዳኝ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጭቃውን እየጎተተ እስከ ማድ ቤቷ ይዘልቅና የገደላቸውን ጅግራዎች ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግፎ፣ «በይ እንግዲህ አሳምሪያቸው!» ይላል። እሷም ይሉኝታ ይዟት «እሺ ጋሼ» ትልና የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራ ትነጫለች።

አንድ ቅዳሜ የምድጃው ጋዝ አለቀ። በደረቁ ልትነጭ አንዱን ጭኗ ላይ አጋደመችው። ክንፉን ገለጥ ስታደርግ ላባው ራሱ የተንቀሳቀሰ መሰላት። ጠጋ ብላ አየች። ቅማል! ጠፍጣፋ፣ ገርጣ ያለ፣ የሩዝ ስባሪ የሚያክል፤ ቅጫሙ ላባው ስር ላይ ተለጥፏል። የወፉ ገላ ስለቀዘቀዘ ቅማሎቹ ሙቀት ፍለጋ ይተራመሳሉ፤ ያገኙት ደግሞ የሷን ክንድ ነው። እጅጌዋ ውስጥ ሲሄዱ ተሰማት። አንዱ አንገቷ ስር ደረሰ። ወደ ማጠቢያው ሮጣ የበላችውን ሁሉ መለሰችው።

ዋርሳዋ ሳሎን ተቀምጦ ሳቀ። «ምነው፣ አረገዝሽ እንዴ?»

«ቅማል ነው!»

«የዱር ወፍ ምን ቅማል አለው? ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ጥሬ! አታካብጂ ባክሽ።»

ስንት ዓመት «እሺ ጋሼ» ሲል የኖረ አንደበቷ ተፈታ። ጅግራውን በእግሩ አንጠልጥላ መጣችና አፍንጫው ስር ክንፉን ፈለቀቀችው። «ይዩት እንጂ ጋሼ! ትከሻዎ ላይ ጣል አድርገው ያመጡት እኮ ነው።»

አየ። ፂሙን አከከ። ቀጥሎ አንገቱን፣ ቀጥሎ ብብቱን። ኮቱን ሲያወልቅ ኮሌታው ላይ ሁለት ቅማል ሲከታተሉ አየና «ኡኡ!» ብሎ ግቢ ወጣ። በር ላይ ቆሞ ያይ የነበረው ባሏ በሳቅ ሊፈርስ ሲል አፈጠጠችበት።

«ካሳቀህ አንተ ንጫቸው።»

ሳቁን ዋጠ።

ጎረቤታቸው ነርሷ የወፍ ቅማል ሰው ላይ እንደማይኖር ነገረቻት። ጆሮዋ ሰማ፤ ቆዳዋ ግን አላመነም። ክንዷ እስኪቀላ ፈተገችው፤ የላባ ትራሶቿን አውጥታ በጥጥ ለወጠች። ጅግራ ዳግመኛ አፏ አልገባም።

ጋሼ አደኑን አልተወም፤ የገደለውን ግን ወደ ራሱ ቤት መውሰድ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ደወለችላት። «እህቴ፣ በሞቴ ንገሪኝ፣ ጅግራ ማምጣቱን ምን ብለሽ ነው ያስቆምሽው?»