ሰባት ይሁንልኝ

ሥራ የጀመርኩት ከኦሎምፒያ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የግል የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ነው። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን አቶ በላይነህ የውሃን አሲድነት የሚለካውን የፒኤች መለኪያ ዘንግ አሳዩኝ። ጫፉ ላይ ስስ የመስታወት እንክብል አለው።

"ይሄ አኩራፊ ነው" አሉኝ። "ከደረቀ ያኮርፋል፤ ከታሸም ያኮርፋል። ሳታስተካክዪው ከለካሽበት ደግሞ ይዋሻል።"

ጠዋት ጠዋት መለኪያውን ፒኤቻቸው በሚታወቅ ፈሳሾች እናስተካክላለን። ከአንዱ ናሙና ወደ ሌላው ስናልፍ ዘንጉን በተጣራ ውሃ እናጥባለን፤ ጠብታውን በለስላሳ ወረቀት እንቀበላለን እንጂ አንፈገፍግም። ሰባት ገለልተኛ ነው፤ ከሰባት በታች አሲድ፣ ከሰባት በላይ ቤዝ። ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥኩት ለዚህ መሆኑ ትንሽ ቅር አሰኘኝ።

ደንበኞቻችን ግን ይህችንም አያውቋትም። ሰባት ጥሩ ቁጥር መሆኑን ሰምተዋል፣ በቃ። አንድ ሳሙና አምራች ሳሙናህ ዘጠኝ ተኩል ነው ስለው ሊያለቅስ ደረሰ። ሳሙና በባሕርዩ ቤዝ መሆኑን፣ ሰባት የሆነ ሳሙና ካመጣ የማዝነው ያኔ እንደሆነ እስካስረዳው ድረስ ምሳዬ ቀዘቀዘ።

አንድ ዓርብ ካዛንቺስ ካለ ሆቴል ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ ደወሉ። "እንግዶች ከዋና ሲወጡ ዓይናችን ተቃጠለ ይላሉ። መጥተሽ ውሃው ደህና መሆኑን አረጋግጪልን" አሉኝ። ደህና መሆን አለመሆኑን እዪልን አላሉም።

ስደርስ በጥቁር መነጽር ተቀበሉኝ። ገንዳው ደመናማ ቀን ላይ እንኳ ያብረቀርቃል። መለኪያውን ነከርኩ፤ አራት ነጥብ አንድ። አጥቤ ደገምኩ። ያው ነው። የገንዳው ሠራተኛ ውሃው እንዳይደፈርስ ብሎ አሲድ ሲጨምር መክረሙን ነገረኝ። "አቶ ግርማ ናቸው ይጥራ ያሉኝ" አለ።

"ታዲያ የጎደለን ሦስት ቁጥር ብቻ ነዋ!" አሉ አቶ ግርማ።

"በእያንዳንዱ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ሦስት ቁጥር ሺህ እጥፍ ነው።"

"እኔ ራሴ በየጠዋቱ እዋኛለሁ፤ ምን ሆንኩ?" ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል።

"ዓይንዎስ?"

"ይሄማ ከኮምፒውተር ነው።" መነጽሩን መለሱት። "ስሚኝ እህቴ፣ ነገ የልጆች የዋና ውድድር አለብኝ። ሰባት ብለሽ ጻፊልኝ።"

"አልጽፍም። ልጆች ይህ ውሃ ውስጥ መግባት የለባቸውም።"

እዚያው ቆመው ለአቶ በላይነህ ደወሉላቸው። ሆቴሉ ትልቁ ደንበኛችን ነበር፤ እኔ ደግሞ ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም።

አቶ በላይነህ ሌላ መለኪያ ይዘው መጡ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ ራሳቸው ለኩ። አራት ነጥብ አንድ። ዘንጉን አጥበው ወደ መያዣው መለሱት።

"አቶ ግርማ፣ ገንዳውን ይዝጉት" አሉ። "ካልዘጉት የልጆቹን ወላጆች እኔ አነጋግራለሁ።"

ውድድሩ ተራዘመ። ሠራተኛው አሲዱን የሚያረግበውን ሶዳ አሽ የተባለ ዱቄት እየጨመረ፣ እኔ እየለካሁ፣ ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ ሰባት ተኩል አካባቢ መለስነው። ልጆቹ በሳምንቱ ዋኙ። ዓይኑን የሚያሽ አላየሁም።

ሆቴሉ ግን ለቀቀን። አዲሱ ላቦራቶሪያቸው ናሙና እንኳ ሳይወስድ በስልክ ሰባት ይላቸዋል ሲባል ሰማሁ። አቶ በላይነህ ስነግራቸው "እኛንም ከነዳጅ ወጪ ገላገለን" ብለው ሳቁ። በወሩ መጨረሻ ቋሚ ሠራተኛ አደረጉኝ።

አሁን አዲስ ለሚገቡ ልጆች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ለክታችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ደንበኛው ስንት እንደሚፈልግ አትጠይቁት።