ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡት ሰው

ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ካለችው ኢንተርኔት ቤቴ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት የሚመጡ አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን አላውቅም። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ ግን አንዳንዴ ተዛንፎ ይቆለፋል።

ጥግ ያለው ዴስክቶፕ ላይ ይቀመጡና በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ይሠራሉ፤ ቨርቹዋል ማሽን የሚባለውን። ሜሞሪ ይመድቡለታል፣ የዲስክ ቦታ ይሰጡታል፣ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ይጭኑበታል። ሲያልቅ ያጠፉትና እንደገና ከሀ ይጀምራሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉንም በቃላቸው ነበር የሚሠሩት። ከወር በኋላ ቅደም ተከተሉን የጻፉበት ወረቀት ይዘው መጡ። ቆይቶ ወረቀቱ ደብተር ሆነ።

ዛሬ ደብተሩን ረስተውት መጡ። የዲስክ ቦታ መስጠቱ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ማውሱ ላይ ቀረ። ስክሪኑን ብዙ አዩት።

"ልጄ፣ ከዚህ ቀጥሎ ምን ነበር?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አሳየኋቸው። ትንሽ ቆይተው ያንኑ ጠየቁኝ፤ ደግሜ አሳየኋቸው።

"ግድ የለም ጋሼ፣ ቀስ እያሉ ይለምዱታል" አልኳቸው ላጽናናቸው።

"መልመዱንስ ለምጄው ነበር" አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። "አሥራ አራት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ነው። ነገ ጠዋትም ክፍል አለኝ።"