እሳት የነካት ቀለሃ

ባሕር ማዶ፣ ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር ልጄ ቤት ስኖር ጎረቤታችን ዎልተር የሚባል ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከልጅ ልጄ ከሊያ ጋር ከአውቶቡስ ወርደን ስንመጣ፣ የጋራዡን በር ከፍቶ አንድ የብረት መጭመቂያ ላይ ጎንበስ ብሏል። ሰላም ልለው ጠጋ ስል እጁ ላይ ያለውን አይቼ ደርቄ ቀረሁ። ቀለሃ ነው፤ ባሩድም እርሳስም ያልገባበት ባዶ የጥይት ቤት። ትልቁን እየጨመቀ አፉን ያጠብበዋል።

"አያቴ፣ ለትንሿ ጠመንጃው ነው ይላል" አለችኝ ሊያ። "ፋብሪካ የማይሠራው ሳይዝ ስለሆነ ራሱ ሜክ ያደርገዋል። ኖርማል ነው፣ አትደንግጪ።"

"ቂጡን እሳት ነክቶታል ወይ? ጠይቂልኝ" አልኳት።

ጠየቀችው። ዎልተር መነጽሩን አውልቆ ከሻሼ እስከ ጫማዬ አየኝ። "እሷ ይህን እንዴት አወቀች?" ነበር መልሱ። እኔ ግን ሊያን ትቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ልጅ እያለሁ አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ አብልጦ የሚወደው ግን የጠመንጃ ሥራ ነው። አያ ደምሴ የሚባል የሰፈራችን ገበሬ ከአባቱ የወረሰው ቀጭን ጠመንጃ ነበረው፤ ጥይቱ ግን ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ዝንጀሮ ማሽላውን ሲጨርስበት አባቴ ዘንድ መጣ። አባቴም ሰው ተኩሶ የጣለውን ትልልቅ ቀለሃ ለቅሞ፣ ቀጥቅጦ አፉን ያጠብበዋል፤ ቁመቱን በሞረድ ይቀንሰዋል።

ነሐስ ሲቀጠቀጥ ይደርቃል፤ ካልለሰለሰ አንገቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቂጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን አንገቱን ብቻ ፍም ውስጥ እናስገባለን፤ ቀላ ሲል ውኃ ውስጥ እንጥለዋለን። ጭስ የገባው እርጥብ ጨርቅ ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ቂጡ ከጋለ ይለሰልሳል፤ ሲተኮስ ይፈነዳና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። አባቴ ይህን ሳይነግረን የዋለበት ቀን የለም።

ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ገና በሰባት ዓመቱ ወናፉ ጋ ተቀመጠ። ለእኔ የተሰጠኝ ውኃ መቅዳት ነበር። አክስቴ "ሴት ልጅ ፍም ፊት ተቀምጣ ማን ሊያገባት ነው?" ትላለች። እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ውኃ አልቀዳም ብዬ እንስራውን ደጅ ላይ ገተርኩት። "ታላቋ እኔ ነኝ። ወይ ሁለታችንም እንግባ፣ ወይ ማናችንም!" አልኩ። አባቴ እየሳቀ ጉጠቱን ሰጠኝ።

ለአያ ደምሴ ስድስት ቀለሃ ሲሠራ አንገት ማጋሉ የእኔ ሆነ። አምስቱን አሳመርኩ። ስድስተኛዋ ከጨርቁ ሾልካ ፍሙ ውስጥ ወደቀች። በጉጠት ፈልጌ ሳወጣት ከአፏ እስከ ቂጧ ቀልታለች። አባቴ ደጅ ነበር። ብናገር ጉጠቱን እቀማለሁ፤ አክስቴም "አላልኩም?" ትላለች። በአመድና በሎሚ ፈትጌ አበራኋትና ከአምስቱ ጋር ደባለቅኳት።

በማግስቱ አባቴ ባሩዱን ሞልቶ፣ እርሳሱን ገጥሞ ለአያ ደምሴ አስረከበው። አያ ደምሴ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "አንቺ የቀጥቃጭ ልጅ! ዛሬ ለእራትሽ የዝንጀሮ ጭን አመጣልሻለሁ!" ብሎ ተሳለቀብኝና ወደ ማሳው ወረደ። ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር። የሚፈነዳው ይህ ፊት ላይ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ደግሞም ሰው ስለ ቀለሃ ምን ያውቃል? "ቡዳዎቹ በሉት" ብሎ ቤታችንን ያቃጥለዋል።

ሮጥኩ። ማሽላው ከቁመቴ ይበልጣል፤ ቅጠሉ ጉንጬን ይሸረክተኛል። ስደርስ አያ ደምሴ ተንበርክኮ፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስተኝቶ አነጣጥሯል።

"አያ ደምሴ! አይተኩሱ! በእግዜር አይተኩሱ!"

ዝንጀሮዎቹ በረገጉ። "ምን ለክፎሽ ነው አንቺ!" ብሎ ሊመታኝ እጁን ሰነዘረ። "አንዷን አበላሽቻታለሁ፤ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም" አልኩት። እጁ አየር ላይ ቀረ። ቃታው ላይ የነበረውን ጣቱን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ሲነሳ ጥይቶቹን ከጠመንጃው አውጥቶ በጨርቅ ቋጠረና ወደ ቤታችን ይዞኝ ሄደ።

አባቴ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። እርሳሱን ነቅሎ፣ ባሩዱን አራግፎ፣ ስድስቱንም ባዶ ቀለሃ መቀጥቀጫው ላይ ደረደራቸው። የተበላሸችው የትኛዋ እንደሆነች እሱም ሊለያት አልቻለም። በመዶሻ አንድ በአንድ ጠፈጠፋቸው። የሳምንት ድካም ነበር። ለአያ ደምሴ "ሳልመረምር የሰጠሁህ እኔ ነኝ" አለው። አክስቴ ከጓዳ "ብያለሁ! ከእንግዲህ እሳቱ አጠገብ ድርሽ እንዳትል!" ብላ ጮኸች።

አባቴ ግን ወደ እኔ ዞረ። "አምና ታደሰ ሞረድ ሰብሮ ሲደብቅ ለስንት ጊዜ ከእሳቱ ከለከልኩት?"

"አንድ ወር" አልኩ፣ እንባዬ እየወረደ።

"ያንቺም አንድ ወር ነው። ሲያልቅ መጥተሽ ስድስቱንም ትሠሪያለሽ።"

ከፍሙ ይልቅ፣ ከጠመንጃውም ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ለዘላለም እንዲያባርረኝ ነበር የጠበቅኩት። ሴት ናት ብሎ አንድ ቀን አልቀነሰልኝም፤ ሴት ናት ብሎ አንድ ቀን አልጨመረብኝም። በዚያ ወር እንስራ ተሸክሜ በደጁ ሳልፍ ታደሰ "ስንት ቀረሽ?" ይለኛል። ቀኑን ስነግረው ቦታዬን በእጁ ጠረግ ያደርገዋል።

ዘንድሮ ሊያና ወንድሟ አብረው ከትምህርት ቤት ጠፍተው ተያዙ። እናታቸው የሁለቱንም ስልክ ወሰደች። የልጁን በማግስቱ መለሰችለት፤ የሊያ ሳምንት አለፈው።

"ምነው?" አልኳት ልጄን።

"እማዬ፣ እሱ እኮ ወንድ ነው። ለእሷ ዎሪ ስለማደርግ ነው" አለችኝ።

ልጄ ኮሌጅ ጨርሳ በቢሮ የምትሠራ ሴት ናት። አባቴ ፊደል የማያውቅ፣ ሰው ሁሉ የሚጸየፈው ቀጥቃጭ ነበር። ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የናፈቀኝ ነገር ቢኖር ያ ቅጣት ነው ብል ማን ያምነኛል? ከሊያ አጠገብ ሶፋው ላይ ተቀምጬ የራሴን ስልክ አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። "የአንቺ እስኪመለስ የእኔም አይከፈትም" አልኳት። ሊያ ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም።