የስለቱ ከበሮ ሆድ

ብዙ ማውራት አልወድም። ይህን የምጽፈው ንዴቴ እስከ ዛሬ ስላልበረደልኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ሴት ልጄ በወባ ታመመች። ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። ሐኪም ቤት የሚችለውን አድርጎ ወደ ቤት ሲመልሳት ዓይኗን መግለጥ እንኳ አቅቷት ነበር። አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኬ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳልኩ። "ልጄን አትርፍልኝ፤ በዓመት በዓልህ የሚመታ ከበሮ አስገባልሃለሁ" አልኩ። ጃንጥላ ወይም መጋረጃ ያላልኩት የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ተሰንጥቆ ስለነበር ነው። በየበዓሉ ከሌላ ደብር ይዋሱ ነበር። ልጄ ተነሣች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለቤቴ የባቡር ፉርጎ የሚጠግን አናጢ ነበር። ከበሮ መሥራት ግን ከአባቱ ነው የተማረው። ስለቱን ስነግረው፣ "እንጨቱ አንዴ ለስለት ከተባለ በሌላ አይለወጥም። አውቀሽ ነው የተሳልሽው?" አለኝ። አውቄ ነው አልኩት። ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ወጥቶ ወፍራም የዋንዛ ግንድ በጭነት መኪና አስመጣ። ካህኑ ጸሎት አደረሱበት።

ከሥራ ሲመለስ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በመሮ ይፈለፍላል። ውጪውን ቶሎ ጨረሰው። ጊዜ የወሰደበት ውስጡ ነው። በሁለቱ አፎች በኩል ግድግዳውን አሳሳው፤ ሆዱ ላይ ግን ወፍራም አድርጎ ተወው። ትንሽ ይፈለፍልና በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤ ጆሮውን ያስጠጋል፤ እንደገና ይፈለፍላል። የመሮውን ምልክት አላጠፋውም። ውስጡ የዓሣ ቅርፊት ይመስል ነበር።

"ለምን አታለሰልሰውም?" አልኩት።

"ለስላሳ ከሆነ ቆዳው የሰጠውን ድምፅ ወዲያው ይመልሰዋል። ይጮሃል፣ ግን አይቆይም። ሆዱ ከሳሳ ደግሞ ጣሳ ነው።"

እኔ ይህን ያመንኩት በልጄ ነው። ሰፊው አፍ ውስጥ አንገቷን አስገብታ "እምምም" ስትል፣ ድምፅዋ ውስጥ ለውስጥ ዞሮ ወፍሮ ይወጣ ነበር። እሷ ቀና ካለች በኋላ እንኳ ትንሽ የሚቀር ይመስለኝ ነበር።

ከግንዱ የወጣውን ፍቅፋቂና ሳጋቱራ ሰብስቤ በጆንያ አስቀመጥኩት። ለገብርኤል የተሰጠ እንጨት ድስት ሥር ማንደድ አልሆነልኝም። ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ ሙስሊም ጎረቤት ነበረችን። ጆንያውን አይታ ቆመች።

"አቦ አንቺ ሴትዮ፣ ማገዶ ጠፍቶ እኔ እየተቃጠልኩ አንቺ በጆንያ ታስቀምጫለሽ? ስጪኝ ልጥበስበት።"

"የስለት ነው።"

"ወላሂ፣ የናንተ ገብርኤል ፍቅፋቂም ይቆጥራል?"

ሳቅን። "እንዲህ ከሆነስ አልነካውም" ብላ ሄደች።

ውስጡ አልቆ ቆዳ መወጠር ብቻ ሲቀር ባለቤቴ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ለጥገና ተላከ። እሱ በሌለበት የቀበሌው ኪነት ቡድን መሪ ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። ካኪ የለበሰ ወጣት ነበር።

"ጓዲት፣ ከበሮ እንዳላችሁ ሰምተናል። ለአብዮት በዓል ሰልፍ እንፈልገዋለን።"

"አላለቀም። ቆዳ የለውም።"

"እኛ እንጨርሰዋለን።"

"የስለት ነው።"

"የማን ስለት?"

"የገብርኤል።"

ወደ ጓደኞቹ ዞረና፣ "ገብርኤል የትኛው ቀበሌ ነው የተመዘገበው?" አለ። ተሳሳቁ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ፈገግታውን ሳይተው፣ "ባለቤትሽ የመንግሥት ሠራተኛ መሰለኝ" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከበሩ ዘወር አልኩ። ከበሮውን እንደ ሬሳ ተሸክመው ወጡ።

በዓሉ አለፈ፤ ከበሮው አልተመለሰም። አንድ ቀን ልጄን ብርድ ብርድ አላት፣ ተንቀጠቀጠች። ያን ቀን በስለቴ ጣልቃ የገባውን ሰው በልቤ ምን እንዳልኩት አልጽፍም። ትኩሳቱ ለቀቃት። ተመስገን አልኩ። ንዴቴ ግን አልለቀቀኝም።

በመጨረሻ መልሰው አመጡት። ራሱ መሪው ነበር ያመጣው፣ ደስ ብሎት። ከበሮው ሆድ ላይ ቀይ ኮከብ ተስሏል። ወጥረውበት የነበረውን የፍየል ቆዳ ለሌላ ሥራ ገፈው ወስደውታል። አፉን ወደ እኔ አዞረልኝ። ውስጡ ያብረቀርቃል።

"ተራራና ገደል ነበር" አለ። "የእንጨት ሥራ ማኅበሩ ጓዶች እንደ ቁም ሣጥን አድርገው አስተካከሉላችሁ። ፍቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ቫርኒሽ ደግመው ቀቡት። ለመሸከምም ቀለለ።"

"የፋቃችሁት እንጨት የት አለ?"

"የቱ እንጨት?"

"ከውስጡ የወጣው።"

ግራ ገባው። "ሻይ አፈላንበት፣ ጓዲት" አለኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይበልጥ ያበገነኝ ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ለእግዚአብሔር እሰጠውና አርፍ ነበር። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ምስጋና ይጠብቃል።

ልጄ ሮጣ አንገቷን አስገባች። "እምምም" አለች። ወዲያው ፊቷን አጨማድዳ ወጣች።

"እማዬ፣ ድምፄን ተፋው።"

ባለቤቴ ከመስመር ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ሄዶ በጣቱ አንኳኳው። አንዴ ብቻ ነው ያንኳኳው። "ጣሳ" አለና ቁጭ አለ። ቆይቶም፣ "ሌላ ግንድ ልፈልግ?" አለኝ።

"አይለወጥም ያልከኝ አንተ ነህ።"

"ታዲያ የፋቁትን ከየት አምጥቼ ልመልስ?"

እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ጆንያውን ጎትቼ አወጣሁና ፊቱ ዘረገፍኩት። ፍቅፋቂው እግሩ ላይ ፈሰሰ።

"ይኸው፤ የራሱ ሥጋ ነው። እነሱ ካልመለሱ አንተ መልስ" አልኩ።

እንዲህ ያልኩት መላ አግኝቼ አልነበረም። ተናድጄ ነው። እሱ ግን አጎንብሶ እፍኝ ዘገነ፣ በመዳፉ መሐል አሸው። ረጅም ጊዜ አየው።

"ወንፊት አለሽ?"

የኛ ወንፊት ቀዳዳው ሰፊ ነበር፤ ጎረቤቴ የራሷን ይዛ መጣች። የምትጠብስበትን ትታ አብራኝ ነፋች። "አንቺ፣ ለዚህ ኖሯል ያስቀመጥሽው?" አለችኝ። እኔም አላውቅም ነበር አልኳት። "አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን አልጠበስኩበት" አለች።

ባለቤቴ መጀመሪያ ቫርኒሹን በመሮ አስለቀቀው። ከዚያ ደቃቁን ሳጋቱራ በኮላ ለውሶ ሆዱ ላይ ብቻ ለጠፈ። እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይለጥፋል፤ ወደ አፎቹ ሲጠጋ እያሳሳ ይመጣል። መጨረሻ ላይ በመሮ ፋንታ በጣቶቹ ጫፍ እየተጫነ አሻከረው። ውስጡ የጣቶቹ ምልክት ሞላ። ኮከቡን ግን እኔ ነኝ የፋቅሁት፣ በጠርሙስ ስባሪ። "ቀለም ነው፣ ድምፁን አይጎዳም፣ ተይው" ቢለኝ አልሰማሁትም።

የበሬ ቆዳ ተወጥሮበት፣ በጠፍር ታስሮ፣ በገብርኤል ዕለት አስገባነው። መሪጌታው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መዳፋቸውን አሳረፉበት። ድምፁ የበፊቱ አይደለም። ወፍራም ነው፣ ይቆያል፤ ግን ጥቂት ሻካራ ነው። መሪጌታው ወደ ባለቤቴ ዘንበል ብለው፣ "ጉንፋን ይዞታል እንዴ?" አሉት።

"ታሞ ነው የተነሣው፣ የኔታ" አላቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና መቱት። ልጄ ከፊቴ ቆማ ታጨበጭብ ነበር። አሁንም ያ ሰው "ሻይ አፈላንበት" ሲል ይሰማኛል። ልጄን ለተወልኝ አምላክ እልል አልኩ። እየተናደድኩ ነው እልል ያልኩት።