ለእናቴ ሬድዮ ፍለጋ፦ ከአምስተርዳም እስከ ስኬቨኒንገን

መነሻ፤ አምስተርዳም

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቴ ወጣሁ። የወጣሁበት ጉዳይ ለእናቴ የመገናኛ ሬድዮ መምረጥ ነበር፤ ቁልፉን ተጭነው የሚናገሩበት፣ ሲለቁት ደግሞ የሚሰሙበት፣ የግንባታ ሠራተኞች ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ዓይነት።

እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ዴን ሃግ ውስጥ፣ ባሕሩ አጠገብ ባለው በስኬቨኒንገን ብቻዋን ትኖራለች። በጥር ወር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ አራት ሰዓት ሙሉ ወለሉ ላይ ሆና ስትጣራ የሰማት አልነበረም፤ በመጨረሻ ያገኘቻት ልትጠይቃት የመጣችው እህቴ ናት። ሞባይሏ ኪሷ ውስጥ ነበር። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ስክሪኑን በነካችው ቁጥር ሌላ ሌላ ነገር እየተከፈተባት መደወል አቃታት። ከዚያ በፊት አንገት ላይ የሚንጠለጠል የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ተሰጥቷት ነበር። አንድ ቀን ሳታስበው ነካችውና የማታውቀው ሰው በሆላንድኛ ሲያናግራት ደንግጣ አወለቀችው። ከዚያ ወዲያ አላደረገችውም።

እኔ አምስተርዳም ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው የምሠራው። እናቴ የወደቀች ዕለት የሌሎች ሰዎችን እናቶች ቁርስ እያበላሁ ነበር። ያ ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ።

"የማውቀው ሰው ድምፅ ቢሆን ኖሮ አላወልቀውም ነበር" ብላኛለች በኋላ። የሬድዮው ሐሳብ የመጣልኝ ከዚህ ንግግሯ ነው። ታናሽ እህቴ ሰናይት ከእናቴ ቤት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ የምትኖረውም እዚያው ሰፈር ነው። አንዱን ሬድዮ እናቴ፣ ሌላውን ሰናይት ይያዙ ብዬ አሰብኩ።

ባቡሩ ላይደንን አልፎ ዴን ሃግ ሲቆም ወርጄ በቀጥታ እናቴ ዘንድ ብሄድ ደስ ባለኝ። ግን ስለ ሬድዮ የማውቀው ነገር ስላልነበረ መጀመሪያ ሮተርዳም ያለ አንድ ሰው ማማከር ነበረብኝ። በመስኮት እያየሁ ሄድኩ። የመጋቢት ነፋስ የቦዮቹን ውኃ ያጥፈዋል፤ በጎቹ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይግጣሉ።

ዴልፍስሃቨን፤ ሮተርዳም

ሰውየው ጋሽ መኮንን ናቸው፤ የአባቴ የድሮ ጓደኛ። አገር ቤት ሳሉ የጦር ሠራዊት ሬድዮ ኦፕሬተር ነበሩ። እዚህ ከመጡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወደቡ አካባቢ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረዋል። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የድሮውን ትንሽ ወደብና የቆሙትን የእንጨት ጀልባዎች ቁልቁል ያያል።

"እኔ ከሬድዮ ከተለያየሁ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ" አሉኝ ገና ከመቀመጤ። "የማውቀውን እነግርሻለሁ። ሱቁ ግን ራስሽ ሂጂ።"

ወረቀት አምጥተው ይጠይቁኝ ጀመር። እናትሽ ስንተኛ ፎቅ ናት? አራተኛ። ግድግዳው ሸክላ ነው ሲሚንቶ? አላውቅም። መስኮቷ ወደ ሆቴሉ ነው የሚያየው? እሱንም አላውቅም። የወደቀችበት መታጠቢያ ቤት መስኮት አለው? የለውም መሰለኝ።

እርሳሱን አስቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ካፖርታቸውን ለበሱ።

"ቦታውን ሳላይ ምን ልመርጥልሽ እችላለሁ? ነይ እንሂድ።"

በመንገዳችን ላይ፣ ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ፣ ለጀልባ ሰዎች ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነበርና ገባን። ሻጩ ሸበቶ ሆላንዳዊ ነው። ጠረጴዛው ላይ የደረደራቸው ሬድዮዎች ሳጥን ላይ "እስከ አሥር ኪሎ ሜትር" ይላል። ጋሽ መኮንን ሳጥኑን አገላብጠው አዩትና በሆላንድኛ፣ "ይሄ አሥር ኪሎ ሜትር የት ለየት ነው?" ብለው ጠየቁት።

"ከተራራ ጫፍ እስከ ተራራ ጫፍ" አለ ሰውየው ፈገግ ብሎ። "እኛ ደግሞ ተራራ የለንም።"

ሁለቱ ወዲያው ተግባቡ። እኔ ዓይኔን የጣልኩት ረጅም አንቴና ባለው ላይ ነበር። ሻጩ እሱ ለጀልባ እንደሆነና ፈቃድ እንደሚጠይቅ ነገረኝ። ያለ ፈቃድ ማንም ሰው በሚይዛቸው በእነዚህ ትንንሽ ሬድዮዎች ላይ ግን አንቴናው አብሮ የተሠራ ነው፤ ነቅሎ በሌላ መቀየር አይፈቀድም። ሌላው ምርጫ በረንዳ ላይ አንቴና ተተክሎለት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ሬድዮ ነው።

"ወድቃ ጠረጴዛው ጋ እንዴት ትደርሳለች?" አሉ ጋሽ መኮንን። "ኪሷ ውስጥ የሚሆን ነው የምንፈልገው። አንቴናውን መለወጥ ካልቻልን የምንቆምበትን ቦታ እንለውጣለን።"

ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ሬድዮዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ቁልፉ ትልቅና ሻካራ የሆነውን፣ ቻርጅ ለማድረግ ማስቀመጫው ላይ ጣል ብቻ የሚደረገውን መረጡ። ለጥንቃቄ የሌላ ዓይነትም አንድ ጥንድ ጨመርን፤ ሁለቱም በአንድ ቻናል ይግባባሉ። ሻጩ ያልተስማማንን እንድንመልስ ፈቀደልን። አንዱ ጥንድ ሰባ ዩሮ፣ ሌላው ትንሽ ይበልጣል።

ወደ ዴን ሃግ

ባቡር ውስጥ ድንች ጥብስ በላን፤ ጾም ስለሆነ ያለ ማዮኔዝ። ዴልፍትን ስናልፍ ጋሽ መኮንን ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

"ተራራ ላይ አንድ ጣቢያ ነበረን። ሦስት ልጆች ነበሩበት። አንድ ቀን መልስ መስጠት አቆሙ። ሁለት ቀን ጠራኋቸው። በመጨረሻ አለቃዬ መጥቶ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወለቀው። ከዚያ በኋላ ሬድዮ መንካት አልወድም።"

"ታዲያ ለምን አብረውኝ መጡ?"

"እናትሽ አራት ሰዓት ተጣርታ መልስ አጣች አላልሽኝም?"

ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ስኬቨኒንገን

ከጣቢያው በትራም ሄድን። እናቴ ጋሽ መኮንንን ስታይ በጣም ተደሰተች፤ ሬድዮውን ስታይ ግን ፊቷ ተቀየረ።

"እኔ ዘበኛ ነኝ እንዴ?" አለች።

"እርስዎ አዛዥ ነዎት" አሏት። "እኛ ነን ዘበኞቹ።"

ከየጥንዱ አንድ አንድ ይዘው ሰናይት ወደምትሠራበት ሆቴል ሄዱ። እኔ ከእናቴ ጋር ቀረሁ። ጥቂት ቆይቶ ከሬድዮው የሰናይት ድምፅ፣ "እማዬ፣ ይሰማል?" አለ። እናቴ ቁልፉን ጨብጣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሹሮዋ ማለቅ አወራች አወራች። ቁልፉን ስላለቀቀች ሰናይት መልስ መስጠት አልቻለችም። "ይቺ ልጅ ዛሬ ምን ዝም አሰኛት?" አለችኝ ቅር ብሏት።

ከእናቴ ወጥ ቤት መስኮት ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ መንሿሿት ጀመረ። መታጠቢያ ቤት ገብተን በሩን ስንዘጋ ምንም የለም። ሌላኛውን ጥንድም ሞከርን፤ ያው ነው። የወደቀችበት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ ተጣራሁ። መልስ አልነበረም። ከአምስተርዳም ጀምሮ የያዝኩት ተስፋ እዚያ ወለል ላይ አለቀ።

ጋሽ መኮንን ሲመለሱ ነገርኳቸው። አልተገረሙም።

"ከዚህ እስከ ሆቴሉ ስንት ሲሚንቶ አለ! እስቲ አንቺ እዚያው መታጠቢያ ቤት ሁኚ" ብለው ሌላውን ሬድዮ ይዘው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ሦስተኛ ፎቅ ሆነው አናገሩኝ፤ በደንብ ይሰማል። ሁለተኛ ፎቅም ይሰማል። ከዚያ በሬድዮው ውስጥ የበር መከፈትና የሴት ድምፅ ሰማሁ።

ወጥቼ ወረድኩ። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ወይዘሮ ኮሪ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ሰባውን ያለፈች ሆላንዳዊት። ከእናቴ ጋር ለስድስት ዓመት ሊፍት ውስጥ በጭንቅላት ሰላም ከመባባል ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። ጋሽ መኮንን ምን እየሠሩ እንደሆነ አስረዷት። ኮሪ ሬድዮውን ተቀብላ አየችው።

"ያን ቀን ቤት ነበርኩ" አለች ቀስ ብላ። "አምቡላንሱ ሲመጣ ነው ያወቅኩት። እዚህ ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ሳይ ነበር።"

አንዱን ሬድዮ ኮሪ ልትይዘው እንደፈቀደች ለእናቴ ስነግራት እምቢ አለች። "ቋንቋ የለኝ፤ ምን ብዬ ልጥራት? ሰው ማስቸገር አልፈልግም።"

ጋሽ መኮንን ጎኗ ተቀመጡና ከመናገሪያው በላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ አሳዩዋት። እሷን ሲጫኗት ሌላኛው ሬድዮ ይጮኻል። "ቋንቋ አያስፈልግም። ይጮኻል፤ ትመጣለች። እሷም እኮ ብቻዋን ናት። የሚጠራት ቢኖር የምትጠላ ይመስልዎታል?"

እናቴ አሰበችበት። "እሺ፤ ግን እሷም ልትጠራኝ ይገባል። እኔ ብቻ ተቀባይ አልሆንም" አለች። ተርጉሜ ለኮሪ ነገርኳት። ኮሪ የቤቷን ቁልፍ ሰጠች፤ እናቴም የራሷን። የሚመለስ ሬድዮ አልቀረም፤ አንዱ ለእናቴ፣ አንዱ ለኮሪ፣ አንዱ ለሰናይት። አራተኛውን ጋሽ መኮንን "መለዋወጫ ይሁን" ብለው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት።

መመለስ

ጋሽ መኮንን ወደ ሮተርዳም፣ እኔ ወደ አምስተርዳም በተለያየ ባቡር ተሳፈርን። ቤቴ ስገባ ደክሞኝ ነበር፤ ጭንቀቴ ግን ቀለል ብሎልኛል። የሄድኩት ሩቅ የሚደርስ አንቴና ፍለጋ ነበር። ያገኘሁት ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር ሴት ነው። ለዓመታት እናቴን ስጠይቅ በዚያች ሴት በር ፊት አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አንኳኩቼ አላውቅም።

ከዐሥር ቀን በኋላ ሰናይት ደወለችልኝ። ሬድዮው ጮኾ ነበር፤ የጮኸው ግን እናቴ ቤት ነው። ኮሪ መስኮት ልትወለውል ወንበር ላይ ወጥታ ወድቃ ኖሯል። እናቴ ከዘራዋን ይዛ በሊፍት ወርዳ፣ በተሰጣት ቁልፍ ከፍታ ገባች። ከኮሪ መስኮት ሆና ሰናይትን በሬድዮ ጠራቻት፤ ሰናይት አምቡላንስ ጠራች። እስኪመጣ ድረስ እናቴ ወለሉ ላይ ትራስ አድርጋላት፣ እጇን ይዛ በአማርኛ ስታጽናናት ነበር።

ለጋሽ መኮንን ደውዬ ነገርኳቸው። "ሰናይት ወዲያው መለሰችላት?" ብለው ጠየቁኝ።

"ወዲያው።"

"ጥሩ" አሉ።

በነጋታው እናቴን አነጋገርኳት። ለፋሲካ አምስተርዳም እንድትመጣ ቀጠሮ ነበረን፤ ስንት ሰዓት ላይ መጥቼ ልውሰድሽ አልኳት።

"ዘንድሮ አልመጣም" አለች። "የኮሪ እጅ በጀሶ ታስሯል። ሰው አለብኝ።"