«ዩ» ሲሉ ደረታቸው ላይ የምታርፍ እጅ

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር በተከራዩት ክፍል፣ በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚሠሩ የአገራችን ሴቶች እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። «ዩ» ባሉ ቁጥር ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁ።

«እንግሊዝኛ እኮ ‹አንቺ›ንም ‹እርስዎ›ንም አይለይም፤ ሁሉም ‹ዩ› ነው። እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ ‹ነይ፣ ሂጂ› ሲባሉ ነው የሚውሉት። እዚህ እንኳ ‹እርስዎ› ይባሉ ብዬ ነው።»

ከቀብራቸው በኋላ ትምህርቱ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ትናንት ግን ሁሉም መጡ። ሰሌዳው አጠገብ ወንበራቸው ባዶውን ነው። በእሳቸው ቦታ ቆሜ ጠመኔውን አነሣሁ። ይሄኔ ከፊት የተቀመጠችው ሰዓዳ ተነሣችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ሀው አር ዩ፣ ቲቸር?» አለችኝ።

ትምህርቱን ጀመርን።