እናቴ ደልሂ ላይ ስለቷን ያደረሰችበት ቀን

ይህ የሆነው አምና፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ቦታው ሩቅ ነው፤ የህንድ ዋና ከተማ ደልሂ። እዚያ ሄጄ እንደነበር የሰማ ሁሉ “ምን አየሽ?” ይለኛል። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳየዋለሁ፤ ትልቁን መስጊድ፣ ርግቦቹን፣ የንጉሡን መቃብር፣ እናቴን ስትስቅ። ከፎቶዎቹ በኋላ የሆነውን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሆዴ ውስጥ ስለከበደኝ ነው ዛሬ የጻፍኩት። ስሞቹንም ለውጬያቸዋለሁ።

እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የምሠራ ሴት ነኝ። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም። እናቴ ደግሞ ደሴ ዙሪያ ገጠር ውስጥ ድንችና ጎመን እያመረተች፣ ደሴ ገበያ አውርዳ እየሸጠች ያሳደገችን ሴት ናት። ሆዷን መታመም ከጀመረች ዓመት አልፏት ነበር። ደሴም አዲስ አበባም ታየች። በመጨረሻ ደሴ ሆጤ ሰፈር ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሜ ሰዒድ ዘመድ አዝማዱን አስተባብሮ ወደ ህንድ ላከን። እኔ አስታማሚ ሆኜ ሄድኩ።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ሐኪሙ እኔን ብቻዬን ቢሮው አስጠራኝ። ቀስ እያለ፣ በአስተርጓሚ በኩል፣ በሽታው ጉበቷ ውስጥ እንደገባ ነገረኝ። ቀዶ ጥገና ማድረግ ማሰቃየት ብቻ ነው አለ። “ወደ ቤቷ ውሰጃት፣ ከልጆቿ ጋር ትሁን” አለኝ። ለሕመሙ ጠንካራ ማስታገሻ አዘዘላት። አገር ቤት በቀላሉ ላናገኘው ስለምንችልም ለረጅም ጊዜ የሚበቃ አሰጠን። “ይህ ለእሷ ተለክቶ የታዘዘ ነው። ሌላ ሰው ቢወስደው ሊገድለው ይችላል” ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ።

ለሰዒድ ደወልኩለት። ስልኩ ላይ አለቀሰ። ከዚያ፣ “አደራሽን እንዳትነግሪያት። ድነሻል በያት። ከነገርሻት እዚያው ነው የምትቀርብን” አለኝ።

እኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ለታማሚ ክፉ ወሬ አይነገርም፤ የሚነግር ሰው ጨካኝ ነው የሚባለው። እኔም አልተከራከርኩትም። ወደ ክፍሏ ገብቼ፣ “እማ፣ ሐኪሙ ድነሻል አለ” አልኳት።

“ያ ረብ! አልሐምዱሊላህ!” አለች። ከአልጋው ወርዳ ግንባሯን መሬት ላይ ደፍታ ብዙ ቆየች። የማደርገው ጠፍቶኝ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

መድኃኒቱ ደግሞ ወዲያው ሠራ። ያ እንቅልፍ ነስቷት የከረመ ሕመም ጸጥ አለ። ምግብ ጠየቀች። ሳቀች። እኔ የተናገርኩትን ውሸት የገዛ ሰውነቷ መሰከረልኝ። “ይቺ ለምንድን ናት?” ብላ ኪኒኑን ስትጠይቀኝ፣ “ለማገገሚያ ናት” አልኳት።

ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን፣ “ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ የሆስፒታል ግድግዳ አይቼ ልግባ? መስጊዳቸውን አሳዪኝ እንጂ” አለችኝ። ደስ እያለኝ ይዣት ወጣሁ። መድኃኒቱን በሙሉ ከጠርሙስ ውኃ ጋር በትንሽ ቦርሳዋ አድርጋ ያዘች።

ባጃጅ ተሳፈርን። እናቴ ግራ ቀኙን አየችና፣ “ኧረግ! ይቺ የኮምቦልቻዋ አይደለችም እንዴ?” አለች።

“እዚህ እኮ ነው የምትሠራው፣ አገሯ ነው” አልኳት።

“ለካ እብደቱም ከዚህ ነው የመጣው!” ብላ የባጃጁን ጣሪያ ጨብጣ ሳቀች።

ትልቁ መስጊድ ከቀይ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ደረጃው ብቻ ያደክማል። ጫማችንን አውልቀን ገባን። የግቢው ድንጋይ በጠዋቱ ብርድ ቀዝቅዞ እግር ያደነዝዝ ስለነበር እናቴ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ እየተቻኮለች ሄደች። ሁለት ረከዓ ሰገደች። ስትጨርስ ሰማዩን፣ ርግቦቹን፣ ሚናራውን ስታይ ቆየች። ከዚያ ወጥተን የጥንት ንጉሥ የተቀበረበትን ሕንፃ አየን። አትክልቱ፣ የውኃ ቦዩ፣ ጉልላቱ፣ ልክ የለውም።

“ውስጥ ማነው ያለው?” አለችኝ።

“ንጉሥ።”

“ይሄን ሁሉ ቤት ለአንድ ሬሳ! እኛ ከነጥጃችን አንድ ጎጆ ውስጥ አድገን የለ እንዴ!”

ሳቅሁ። ስስቅ እንባዬ ስለሚመጣብኝ ፎቶ ላንሳሽ እያልኩ ስልኬን ፊቴ ላይ እደቅናለሁ። ለዚህ ነው ያን ያህል ብዙ ፎቶ ያለኝ።

ከንጉሡ መቃብር ብዙም ሳይርቅ የአንድ ትልቅ ወሊይ፣ የአላህ ወዳጅ የሚባል ሰው፣ መቃብር አለ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ዚያራን ያውቃል። የወሊዮች መቃብር ይጎበኛል፣ ዱአ ይደረጋል፣ የተሳለ ሰው ስለቱን ያደርሳል። የዛሬ ዘመን ወጣቶች ይህ ከዲን አይደለም እያልን እንቃወማለን፤ እኔም ለእናቴ ስንት ጊዜ ተናግሬያታለሁ። እሷ ግን ጠባቡን መንገድ፣ የጽጌረዳ ቅጠል ሻጮቹን፣ በር ላይ የተቀመጡትን ድሆች ስታይ ፊቷ በራ። “ይሄማ የኛው ነው!” አለች። ያን ቀን ክርክር አላነሳሁም።

ሴቶች ወደ ውስጠኛው መቃብር አይገቡም። በተፈለፈለው የእብነ በረድ ግድግዳ በኩል ተደግፈው ዱአ ያደርጋሉ። እናቴም መሃላቸው ተቀመጠች። ወዲያው ስልኬ ጠራ፤ ሰዒድ ነው። ግቢው ውስጥ መንዙማ የሚመስል ዜማ እየተዜመ ስለነበር አልሰማ አለኝና ወደ መንገዱ ወጣሁ። “በግ ገዝቻለሁ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ድና መጣችልን ብዬ ጠርቻለሁ” አለኝ። “ይህን ያህል ምን አስቸኮለህ?” ብዬ ተቆጣሁት። ተጨቃጨቅን። ስመለስ እናቴ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ውዱእ ልታደርግ ሄዳ ይሆናል አልኩ። ውኃው ጋ የለችም። ጫማ ማስቀመጫው ጋ ሄድኩ፤ ጫማዋ አለ። እንግዲህ ግቢው ውስጥ ናት፤ ግን ግቢው ሰው በሰው ነው። “እማ! እማ!” እያልኩ ስጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ቋንቋ የላትም። ቀትር ላይ መውሰድ የነበረባት መድኃኒት ሰዓቱ እያለፈ ነው። ሕመሙ ሲነሳባት እንዴት እንደሚያደርጋት የማውቀው እኔ ነኝ፤ መሬት ላይ ነው የሚጥላት።

አንዲት ጽጌረዳ ሻጭ ሴት ስልኬ ላይ የእናቴን ፎቶ ስታይ ዘንቢሏን ለጎረቤቷ ሰጥታ እጄን ያዘችኝ። ምን እንደምትል አልገባኝም፤ አነጋገሯ ግን ልክ እንደኛ አገር ሴት “አብሽሪ፣ አይዞሽ” የምትለኝ ይመስል ነበር። በሰዉ መሃል እየገፋች በመቃብሩ ጀርባ ወዳለ ጥላ ወሰደችኝ።

እናቴ እዚያ ናት። ምንጣፍ ላይ የተኛች አንዲት የከሳች ሴት አጠገብ ተቀምጣ፣ የሴትየዋን ሆድ በእጇ እያሻሸች ዱአ ታደርግላታለች። ወጣት ልጅዋ ከራስጌ ቁጭ ብላለች። የመድኃኒቱ ካርቶኖች በሙሉ ወጣቷ ጭን ላይ ናቸው።

“እማ! ምን እያደረግሽ ነው?”

“ስለቴን ነዋ!” አለችኝ፣ ፊቷ ፈክቶ። “ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ነው የተሳልኩት። ያ ረብ፣ ከዳንኩ የተረፈኝን መድኃኒት እንደኔ ለታመመ እሰጣለሁ ብዬ። ይቺ ምስኪን ሆዷን ይዛ ስታለቅስ አየኋት።”

“ለሷ አይሆንም፣ ይጎዳታል!”

“ለኔ የሆነ ለሷ ምን አጥቶ? የተሰጠ ስለት ደግሞ አይመለስም፣ ቁጣ ያመጣል።”

መድኃኒቱን ብተወው ያቺን ሴት ሊገድላት ይችላል። መልሼ ብወስደው እናቴ “ድነሻል አላልሽኝም እንዴ?” ትለኛለች። በማላውቀው አገር፣ ወሊይ ፊት፣ ከታመመ ሰው እጅ መድኃኒት ነጥቄ ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?

እኔ መላ ሳላገኝ ወጣቷ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመረች። አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ እናቴን አየቻት። ለእናቷ የሚታዘዘውን ስታነብ የኖረች ትመስላለች፤ መድኃኒቱን አወቀችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ካርቶኖቹን ሰብስባ በሁለት እጇ የእናቴ ደረት ላይ አስቀመጠችና ጭንቅላቷን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ አቀፈቻት።

እናቴ በልጅቱ ትከሻ ላይ ሆና እኔን ተመለከተች።

“ይቺ ልጅ ምን አንብባ ነው ያለቀሰችልኝ?” አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እናቴ ካርቶኖቹን ወደ ቦርሳዋ አንድ በአንድ መለሰች። ዚፑን ዘጋች። ከዚያ ግድግዳውን እያየች፣ ለእኔ ሳይሆን ለፈጣሪዋ በሚመስል ድምፅ፣ “ካልዳንኩማ ስለቱ አልደረሰብኝም” አለች። ትከሻዋ ላይ የነበረውን ነጠላ አውልቃ የታመመችውን ሴት አለበሰቻት። መድኃኒቷንም ከውኃው ጋር ወሰደች።

ተመልሰን ባጃጅ ተሳፈርን።

“ሰዒድ ያውቃል?” አለችኝ።

“ያውቃል።”

“እሱ ነው አትንገሪያት ያለሽ?”

“አዎ፣ እማ።”

መንገዱን እያየች ትንሽ አሰበች። “እንዳወቅሁ እንዳትነግሪው። ልቡ ስስ ነው፤ አይችለውም። ደግሶ እየጠበቀኝ ይሆናል። ወላሂ በይኝ።”

“ወላሂ” አልኳት። ምን እንደማልኩ የገባኝ በኋላ ነው።

ደሴ ስንገባ ቤቱ ሞልቶ ጠበቀን። እንግዳው ሁሉ “እንኳን አላህ ማረሽ!” ይላታል፤ እሷም “አሚን፣ አሚን” ትላለች። ሰዒድ የጠራቸው ሸህ የመዝጊያውን ዱአ ሊያሳርጉ ሲሉ፣ “ደልሂ ያየኋት አንዲት ሴት አለች፤ ሆዷን ታማለች፣ ልጅዋ አጠገቧ ናት። ለሷ ዱአ ያድርጉልኝ” አለቻቸው። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ዱአ አደረገ። ሰዒድ በደስታ ያለቅስ ነበር። እኔ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከደልሂውም ቀን ይከብዳሉ። ሰዒድ ሲመጣ ተነስታ ትቀመጣለች፣ ትቀልዳለች፣ የማትፈልገውን ምግብ ትጎርሳለች። ሰዒድም ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ስለ መኸሩ ያወራላታል። ሁለቱም ይዋሻሉ፤ የሁለቱንም ውሸት የማውቀው እኔ በመሃላቸው ሻይ እቀዳለሁ። እሱ ሲወጣ፣ “በሩን ዝጊው” ትለኛለች። ከዚያ የት እንድትቀበር፣ ላሟን ለማን እንድንሰጥ፣ ማንን ይቅርታ እንድጠይቅላት ትነግረኛለች። በገዛ ቤቷ፣ ስለ ገዛ ሞቷ፣ ሰው እንዳይሰማባት በሹክሹክታ። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች።

ሰዒድ ዛሬም ሰው በተሰበሰበበት፣ “አልሐምዱሊላህ፣ ምንም ሳታውቅ፣ ድኛለሁ ብላ ሄደችልን” ይላል። ሰዎችም “ደግ አደረጋችሁ” ይሉታል። አንዳንዴ እናደድበታለሁ፣ አንዳንዴ አዝንለታለሁ። መሐላ ስላለብኝ ዝም እላለሁ። ባንነግራት ይሻል እንደነበር፣ ብንነግራት ይሻል እንደነበር እስካሁን አልቆረጠልኝም። ያቺን ቀን የሳቀችው ሳቅ እውነተኛ ነበር፤ እሱንም መካድ አልችልም።

ግን አሁን ታማሚ ልጠይቅ ስሄድ ቤተሰቡ በር ላይ ያስቆመኝና፣ “እሷ አታውቅም፣ አደራ” ይለኛል። “እሺ” ብዬ እገባለሁ። አጠገቧ ተቀምጬ እንደ ሰዉ ሁሉ “ድነሻል እኮ፣ ምንም አልሆንሽ” እላታለሁ። ዓይኗን ግን ማየት አልችልም፤ እኛ ወጥተን በሩ እስኪዘጋ እየጠበቀች ያለች ይመስለኛል።